ማስጠንቀቂያ፦ እጃችሁን ሳያይ ቅርጽ ለሚሸጥ የጥፍር ቅናሽ አትክፈሉ

እህቶች፣ የጥር ሠርግ ሲቃረብ ከአያት እስከ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ፣ በየኮንዶሚኒየሙ ግራውንድ ባሉ ፀጉር ቤቶች በር ላይ «ሙሉ ጥፍር ከነዲዛይኑ፣ ቅርጽ በነጻ፣ የወር ሪፊል (ጥፍሩ ሲያድግ የሚከፈተውን ቦታ መሙላት) አብሮ» የሚል ቅናሽ ካያችሁ ቀብድ ሳትከፍሉ ይህን አንብቡ።

በነጻ የተባለው ቅርጽ ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ ረጅም ኮፊን፣ ማለትም ወደ ጫፉ እየጠበበ ጫፉ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ። ምክንያቱ ለእጃችሁ መስማማቱ ሳይሆን ቲፑ (የሚለጠፈው የፕላስቲክ ጥፍር) ከፋብሪካ ተቀርጾ መምጣቱ ነው። ተለጥፎ፣ ከዱቄትና ከፈሳሽ የሚለወሰው አክሪሊክ ተደርቦ፣ ጫፉ በትንሹ ተሞርዶ ያልቃል። ኦቫል (እንቁላል መሰሉ) እና አልመንድ (ጫፉ ሾል ያለው) ግን ሁለቱን ጎን እያመዛዘኑ፣ እጁን ከፊትም ከጎንም እያዩ ነው የሚሞረዱት። የቅናሹ አንዱ ክፍል የሚወጣው ይህን ጊዜ በመቆጠብ ነው።

ሌላው የሚወጣው ከፈሳሹ ነው፤ አደጋውም እዚህ ነው። የአክሪሊክ ዱቄት የሚለወስበት ደህናው ፈሳሽ ኢኤምኤ (EMA) ይባላል። ርካሹ ኤምኤምኤ (MMA) ነው፤ አርቴፊሻል ጥርስ የሚሠራበት ዓይነት። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን የተጎዳ ጥፍርና የቆዳ አለርጂ አቤቱታ ስለደረሰው፣ ንጹህ ኤምኤምኤ ያለባቸውን የጥፍር ምርቶች በፍርድ ቤት ከገበያ ያስወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ ነው።

ኤምኤምኤ ሲደርቅ በጣም ይጠነክራል፤ መተጣጠፍ የለውም። የረዘመው ጫፍ ከታክሲ በር ወይም ከጄሪካን እጀታ ጋር ሲጋጭ አክሪሊኩ መሰበር ሲገባው ሳይሰበር ይቀርና የራሳችሁን ጥፍር ከሥጋው ይገነጥለዋል። ጫፉ በረዘመ ቁጥር ሥሩን የሚያነሣው ጉልበት ይበረታል። ስለዚህ ረጅም ኮፊንና ኤምኤምኤ አንድ ላይ ከሆኑ ከሁሉም የከፋው ጥምረት ነው። በዚያ ላይ ኤምኤምኤ በደንብ ስለማይጣበቅ፣ እንዲይዝ ብለው የተፈጥሮ ጥፍሩን በማሽን ይፍቁታል። የእጅ ጥፍር ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ሲፋቅ ሙቀት ወይም ማቃጠል ከተሰማችሁ ወዲያው አስቁሙ።

ጠርሙሱን «አሳዩኝ» በሉ። ስም የሌለው፣ ከትልቅ ጀሪካን የተቀዳ ፈሳሽ ከሆነ ተነሡ። አክሪሊክ ሁሉ ይሸታል፤ ኤምኤምኤ ግን ሽታው ይበልጥ ይከረፋል፣ ለመሞረድ ያስቸግራል፣ አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ) ውስጥ ተነክሮም በቀላሉ አይለሰልስም።

«የወር ሪፊል» የሚባለውንም እዩት። ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ሪፊል የሚያስፈልገው በ2 ወይም በ3 ሳምንት ነው። አክሪሊኩ ወፈር ብሎ የሚሠራው ጥፍር በቀላሉ በሚሰበርበት ቦታ ላይ ነው። ወር ሲሞላ ያ ወፍራም ክፍል ወደ ፊት ይሄዳል፣ ክብደቱ ወደ ጫፍ ያደላል፣ ከሥሩም መነሣት ይጀምራል። በክፍተቱ ውሃ ገብቶ አረንጓዴ ከታየ ባክቴሪያ ነው፤ ይውለቅ እንጂ በላዩ ቀለም አይቀባበት። ካበጠ ወይም መግል ከያዘ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ታዲያ ምን ዓይነት ቅርጽ ይሻላል? መጀመሪያ የምትሠሩትን አስቡ። እንጀራ በእጅ ለምትጎርስ፣ ሊጥ ለምታቦካ፣ ልብስ በእጇ ለምታጥብ፣ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ጄሪካን ለምታወጣ ሴት ከጣት ጫፍ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያለፈ ጥፍር ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ሊጡም ወጡም ከሥሩ ይሰገሰጋል። ቀጥሎ ከሥጋው ጋር የተጣበቀውን ሮዝ ክፍል እዩ። አጭርና ሰፊ ከሆነ ስኩዌር (ጫፉ ቀጥ ያለ ባለ አራት ማዕዘን) ይበልጥ ያሰፋዋል፤ ኦቫል ግን ጣቱን ያስረዝመዋል። ጠባብና ረጅም ከሆነ ጠርዙ ለስለስ ያለ ስኩዌር ያምርበታል። ስስና ቶሎ የሚሰነጠቅ ጥፍር አጭር ክብ ይሁን፤ የሚጋጭ ጠርዝ የለውምና። አልመንድ ያምራል፣ ግን ጎኖቹ ስለሚሞረዱ የተፈጥሮ ጥፍር ላይ ካልጠነከረ ይሰበራል። በጥፍሩ ሥር ያለው የቆዳ መስመር የያዘውን ቅርጽ ጫፉ ላይ ብትደግሙት አትሳሳቱም።

ይህንን ቤት ውስጥም መሥራት ይቻላል። ባለ 240 ቁጥር ሞረድ፣ ደረቅ ጥፍር ላይ፣ ከጎን ወደ መሃል በአንድ አቅጣጫ። ወዲያና ወዲህ መፈግፈግ ጫፉን ይሰነጥቀዋል። ጥፍሩ ከሥጋው የሚለይበትን ጥግ አትሞርዱት፤ ስንጥቁ ከዚያ ይጀምራልና።

ጄል (በልዩ መብራት ሥር የሚደርቅ ቅባት) ከመረጣችሁ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቁ። በመሃል የተቋረጠ ጄል ላዩ ደርቆ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ ጥሬ ጄል ቆዳ ሲነካ አለርጂ ያመጣል። ያ አለርጂ አንዴ ከያዘ በኋላ ለጥርስ መሙያም ሊያስቸግር ይችላል። አውራ ጣት ወደ ጎን ስለሚያጋድል ማድረቂያው መብራት ውስጥ ለብቻው ይግባ።

ማውለቂያው ዋጋው ውስጥ መካተቱ ደረሰኝ ላይ ይጻፍ። ትክክለኛው አወላለቅ ጫፉን ማሳጠር፣ ላዩን መሞረድ፣ አሴቶን የነካ ጥጥ በፎይል ጠቅልሎ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ በእንጨት ቀስ ብሎ መግፋት ነው። ካልለቀቀ ይደገማል። ሠራተኛዋ በሌላ ቲፕ ፈንቅላ ልታነሣ ከሞከረች እጃችሁን ሰብስቡ፤ አብሮ የሚላጠው የራሳችሁ ጥፍር ነው፣ ሙሉ በሙሉ ተተክቶ እስኪያድግም 6 ወር ገደማ ይፈጃል። ቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ፣ በዚያው ብር ቲፕ ሳይለጠፍ የራሳችሁ ጥፍር አጭር ኦቫል እንዲሆንና ቀለም እንዲቀባ ጠይቁ።