ሃይብሪድ መኪናዬ ከ14 ወር በኋላ፦ በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ሄደች?

መጀመሪያ ቁጥሩን ልስጣችሁ፤ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። በ14 ወር ውስጥ 19,400 ኪሎ ሜትር ነድቻለሁ። የቀዳሁት ቤንዚን 946 ሊትር ነው። በሊትር 20.5 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከዚህ በፊት የነበረችኝ 1.6 ሊትር አውቶማቲክ እዚያው መንገድ ላይ ከ11 አልፋ አታውቅም።

ግን አማካዩ ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። በዚያችው መኪና፣ በዚያው ሹፌር፣ በሊትር 13 ያየሁበት ሳምንት አለ፤ 24 ያየሁበትም አለ። ይሄ ሁሉ ልዩነት ከየት እንደሚመጣ እስኪገባኝ ድረስ ወራት ፈጅቶብኛል።

መኪናዋ 1.8 ሊትር የቤንዚን ሞተር ያላት ሙሉ ሃይብሪድ ናት፤ ማለትም ከቤንዚን ሞተሩ ጋር ኤሌክትሪክ ሞተርና ባትሪ አላት፣ በኤሌክትሪክ ብቻም መሄድ ትችላለች። ሶኬት የላትም፣ ከውጭ ቻርጅ አትደረግም። እ.ኤ.አ. በ1997 ለገበያ የቀረበችው የመጀመሪያዋ የቶዮታ ፕሪየስም በዚሁ ሐሳብ የተሠራች ናት። ባትሪው ትልቅ ይመስላል እንጂ የሚይዘው 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ ሞተሩ ሳይነሳ በባትሪ ብቻ ቀስ ብላችሁ ብትነዱ ከአንድ ሁለት ኪሎ ሜትር አይዘልቅም። ስለዚህ እንደ ሁለተኛ ታንከር አትቁጠሩት። ሥራው ፍሬን ስትይዙ በሙቀት መልክ ይባክን የነበረውን ጉልበት ተቀብሎ ለሚቀጥለው መነሻ ማቆየት ነው።

ለዚህ ነው ነዳጅ የሚቆጠበው ነዳጅ መስጫው ላይ ሳይሆን ፍሬኑ ላይ ነው የምለው።

ሩቅ ላይ ቀይ መብራት አያለሁ እንበል። እግሬን አነሳለሁ። ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው መስመር ወደ ቻርጅ በኩል ትሸሻለች። ከዚያ ፍሬኑን ነካ አድርጌ እይዛለሁ፣ ቀጭን ፉጨት የመሰለ ድምፅ ይሰማል፣ ድምፁ ከመኪናዋ ጋር አብሮ እየወረደ ሄዶ ልትቆም ስትል ይጠፋል። ያ ድምፅ ባትሪው እየተሞላ ነው ማለት ነው። እስከ መጨረሻው ሮጬ መብራቱ ስር ፍሬኑን ብረግጠው ግን አብዛኛውን ሥራ የፍሬን ሸራው ይወስደውና ያ ጉልበት በሙቀት ይጠፋል። ቀድሞ መያዝና ለስለስ አድርጎ መያዝ፣ በቃ። ይሄን አንድ ልማድ ከያዝኩ በኋላ ያው የሥራ መንገዴ ከ19 ወደ 22 ወጣልኝ። የፍሬን ሸራውም እስካሁን ብዙ አልተበላም። ብዙም ስለማይሠራ ግን ዝገትና አቧራ ይይዘዋል፤ ሰርቪስ ሲደረግ አስፈትታችሁ አስጠርጉት።

ቁጥሩን እንዴት እንደምለካም ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የዳሽቦርዱን አማካይ አላምንም። ታንከሩን የመቅጃው አፍ ራሱ እስኪቆም እሞላለሁ፣ የጉዞ ቆጣሪውን ዜሮ አደርጋለሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ እንደዚያው ሞልቼ ኪሎ ሜትሩን ለሊትሩ አካፍላለሁ። አንዱን ከማስታወሻ ደብተሬ ልውሰድ፦ 612 ኪሎ ሜትር፣ 29.8 ሊትር። ሒሳቡ 20.5 ይመጣል። ዳሽቦርዱ 21.6 ነበር የሚለው። ልዩነቱ 5 በመቶ ገደማ ነው፤ በየቀዳሁበት ቀን ከዚህ ብዙም አይርቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ለክታችሁ ግን አትፍረዱ፣ ቢያንስ አምስት ስድስት ጊዜ ሞልታችሁ አማካዩን ያዙ።

አሁን ወደ ረጅም መንገድ። ሌላ መኪና ከከተማ ይልቅ ረጅም መንገድ ላይ ይቆጥባል፤ የኔዋ ግን እየቆመች የምትሄድበትን ትራፊክ ነው የምትወደው። በሰዓት 90 ስነዳ 22 አገኛለሁ። 120 ስይዝ ወደ 17 ትወርዳለች። የአየሩ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ከ90 ወደ 120 ሲኬድ 1.8 እጥፍ ገደማ ይሆናል። በዚያ ላይ ፍሬን የሚያዝበት ቦታ የለም፣ ባትሪው የሚቀበለው የለውም፣ ሞተሩም አያርፍም። ያም ሆኖ ከድሮዋ መኪናዬ ትሻላለች፤ ሞተሩ የተሠራው በአትኪንሰን ዑደት ነው፤ የመግቢያ ቫልቩ ዘግይቶ ስለሚዘጋ ከአንድ ጠብታ ቤንዚን የበለጠ ሥራ ይወጣዋል። መነሻ ላይ ጉልበት ያንሰዋል፣ እሱን ኤሌክትሪክ ሞተሩ ይሸፍንለታል።

በጣም ያሳዘነኝ አጭር መንገድ ነው። ለሦስት ሳምንት ጠዋት ጠዋት አራት ኪሎ ሜትር ብቻ እየሄድኩ አቆም ነበር። 13 ያየሁት ያኔ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ባትሪው ቢሞላም ይነሳል፤ ራሱንና የጭስ ማጣሪያውን ማሞቅ አለበት። ሞቆ ማረፍ ሲጀምር እኔ ደርሻለሁ። የናንተ መንገድ ሁልጊዜ እንዲህ አጭር ከሆነ ሃይብሪድ የምትጠብቁትን አትሰጣችሁም።

በሰባተኛው ወር አንድ ነገር አስደነገጠኝ። ከኋላ ወንበር በኩል እንደ ፀጉር ማድረቂያ ያለ ድምፅ መሰማት ጀመረ፣ ሞተሩም ያለ ወትሮው ቶሎ ቶሎ ይነሳል፣ ነዳጁ ወደ 17 ወረደ። የወሰድኩበት ጋራዥ ሰውየው ሳይፈታ፣ ሳይለካ፣ «ባትሪው አልቋል፣ ይቀየር» አለኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ትልቁ ወጪ እሱ ነውና። በማግስቱ ሌላ መካኒክ ጋር ሄድኩ። ልጁ ከወንበሩ ጎን ያለችውን የአየር መግቢያ ክዳን ከፍቶ ማጣሪያዋን አወጣልኝ፤ በአቧራና በብርድ ልብስ ብናኝ ተደፍና ግራጫ ስፖንጅ መስላለች። ባትሪው የሚቀዘቅዘው መኪናው ውስጥ ባለው አየር ነው፤ እኛ ደግሞ መግቢያው ላይ ብርድ ልብስ ጥለንበት ነበር። ከዚያ በኮምፒውተር የእያንዳንዱን የባትሪ ክፍል ቮልቴጅ አሳየኝ። ሁሉም እኩል ነበሩ። ማጣሪያዋ ተጠርጋ ተመለሰች፣ ድምፁ ጠፋ፣ በሚቀጥለው ስቀዳ 20.8 ሆነ። ያገለገለ ሃይብሪድ የምትገዙም ያንን የቮልቴጅ ንባብ ሳታዩ፣ መኪናዋንም ሞተሩና ባትሪው ጠንከር ብለው እንዲሠሩ አድርጋችሁ ሳትነዷት ገንዘብ አትክፈሉ።

ትንሿን ባትሪ ደግሞ አትርሱ፣ 12 ቮልቷን። ሦስት ሳምንት አቁሜያት ብመለስ መኪናዋ ጭራሽ አልነቃም አለች። ትልቁ ባትሪ ደህና ነው፤ ግን ኮምፒውተሮቹን የምትቀሰቅሰውና ትልቁን የምታገናኘው ትንሿ ናት። አሁን ካቆምኳት በሳምንት አንዴ አስነስቼ ሰላሳ ደቂቃ ያህል እተዋታለሁ።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ልጨምር። የጎማ ንፋስ ወርዶ ሳላውቅ የነዳሁበት ወር በሊትር አንድ ኪሎ ሜትር ያህል አስከፍሎኛል። መጨናነቅ ውስጥ ደግሞ ማርሹን ኒውትራል ላይ አታድርጉ፤ እዚያ ላይ ባትሪው አይሞላም፣ ኤሲ ከተከፈተ ደግሞ እየወረደ ይሄዳል። ዲ ላይ ትታችሁ ፍሬን ያዙ።

ትናንት ማታ ቀድቼ ነበር። 640 ኪሎ ሜትር፣ 29.1 ሊትር፤ ማለትም 22። ግማሹ መንገድ የተጨናነቀ ከተማ ነበር።