ለሮያል አልበርት ሆል አስተናባሪዎች ምስጋና፣ በለንደን ለምትኖሩ ወገኖቼም ጥቆማ

በለንደኑ የሙዚቃ አዳራሽ በሮያል አልበርት ሆል በር ላይ ሰው የሚቀበሉትን አስተናባሪዎች፣ በተለይም ባለፈው ክረምት ለእናቴ ክንዳቸውን ሰጥተው እስከ ወንበሯ ያደረሷትን ጸጉራቸው የሸበተ ሰው፣ ከልብ አመሰግናለሁ። ስማቸውን ያለ ፈቃዳቸው አልጽፍም። ያደረጉልን ነገር ግን መነገር አለበት፤ በዕድሜ የገፉ ወይም ዓይናቸው የደከመ ወላጆች ያሏችሁ ሁሉ እንድታውቁትም እፈልጋለሁ።

እናቴ በግላኮማ ምክንያት የዓይኗን ብርሃን ካጣች ቆይታለች። ያደገችው ጎንደር፣ በመሪጌታ አባቷ ቤት ነው። በልጅነቷ ማኅሌት ሲቆም ከቅጥሩ ሆና ታደምጥ እንደነበርና ማን እንደ መራ፣ ማን እንደ ተቀበለ በድምፁ ብቻ ትለይ እንደነበር ብዙ ጊዜ አጫውታኛለች። ለንደን ከመጣች በኋላም እንግሊዝኛ ባትችልም ክላሲካል ሙዚቃ የሚያሰማው የቢቢሲ ራዲዮ 3 ወዳጇ ሆነ። ፕሮምስ የሚባሉት፣ በየዓመቱ በሮያል አልበርት ሆል የሚቀርቡት የክላሲካል ሙዚቃ ኮንሰርቶች በሙሉ በዚህ ጣቢያ በቀጥታ ስለሚተላለፉ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ማታ ማታ ራዲዮው ከአጠገቧ አይጠፋም። አንድ ምሽት የሕዝቡን ጭብጨባ ከሰማች በኋላ፣ «እኛስ እዚያ መግባት አንችልም?» ብላ ጠየቀችኝ።

ወዲያው እሺ ለማለት የተቸገርኩት ከዚያ በፊት በሌላ አዳራሽ በደረሰብን ነገር ነው። የአዳራሹን ስም አልጠራም። አስቀድሜ ደውዬ የእናቴን ሁኔታ ለማስረዳት ብሞክርም ከአንዱ ወደ ሌላው እያስተላለፉኝ መጨረሻ ላይ ስልኩ ተዘጋ፤ ለጻፍኩት ኢሜይልም መልስ አላገኘሁም። በዕለቱ በሩ ላይ የቆመው ሠራተኛ፣ እናቴ ከፊቱ ቆማ ሳለች፣ ወደ እኔ ብቻ እያየ «ደረጃ መውጣት ትችላለች?» አለኝ። ሌላዋ አንዲት ቃል ሳትናገር ክርኗን ይዛ ወደ ፊት ስትገፋት እናቴ ደንግጣ ልትወድቅ ነበር። ወንበራችን የረድፉ መሐል ላይ ስለነበር፣ ዳር ያሉት ባዶ ወንበሮች በግልጽ እየታዩ እንዲቀይሩልን ብለምንም ኮምፒውተሩ አይፈቅድም ተባልኩ። ዕረፍቱ ላይ ወደ ቤት ውሰጂኝ አለች። አውቶቡስ ውስጥ ደግሞ «ሸክም ሆንኩባቸው» አለችኝ፤ እናቱ እንዲህ ስትል የሰማ ልጅ ምን እንደሚሰማው መናገር አያስፈልገኝም። ሙዚቃ ልትሰማ የሄደች ሴት አንገቷን ደፍታ ተመለሰች፣ ይቅርታ ያለንም አልነበረም።

ስለዚህ ወደ ሮያል አልበርት ሆል የደወልኩት ተስፋ ሳይኖረኝ ነው። አዳራሹ አካል ጉዳት ያለባቸውን ተመልካቾች የሚያስተናግድ የራሱ የስልክ መስመር አለው። ያነጋገረችኝ ሴት አልቸኮለችም፤ እናቴ እንግሊዝኛ እንደማትችል ስነግራት፣ የምትወደውን የሙዚቃ መሣሪያና በየትኛው ጆሮዋ የተሻለ እንደምትሰማ ጠየቀችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አካል ጉዳተኛ የሆነ ሰውና አንድ አጃቢው ለወንበር ትኬት ግማሽ ዋጋ ብቻ እንደሚከፍሉም የሰማሁት ከእርሷ ነው።

ቦታውን ብዙዎቻችሁ ሳታውቁት አልፋችሁበታል። በፕሪንሰስ ጌት የሚገኘው ኤምባሲያችን ለፓስፖርትና ለውክልና የምንመላለስበት ነው፤ አዳራሹ ከዚያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይርቃል፣ ከሃይድ ፓርክ ማዶ ያለው ጉልላታም ክብ ሕንፃ እርሱ ነው።

በሩ ላይ የተቀበሉን አስተናባሪ መጀመሪያ ያናገሩት እናቴን ነው። ቋንቋቸውን እንደማትሰማ እያወቁ ፊታቸውን ወደ እርሷ አድርገው ሰላምታ ሰጡ፣ ስማቸውን ነገሯት፣ እኔ እስክተረጉም ጠበቁ። ሳይነኳት ክንዳቸውን ዘረጉና ራሷ እንድትይዘው አደረጉ። ደረጃ ሲመጣ ቆም እያሉ፣ ሲያልቅም እያስታወቁ ወሰዷት። ወንበራችን ጋ ስንደርስም ደኅና የሚሰማው ጆሮዋ ወደ መድረኩ እንዲሆን ቦታ አቀያየሩን።

ከሁሉ የማልረሳው ግን በዕረፍቱ ጊዜ የሆነው ነው። ደኅንነታችንን ሊጠይቁ ተመልሰው መጡና እናቴን አስፈቅደው መዳፏን ከፈቱ፤ ከዚያም በጣታቸው የአዳራሹን ቅርጽ በእጇ ላይ ሣሉላት። እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፤ መድረኩ እዚህ ጋ፣ አንቺ ደግሞ እዚህ ነሽ። ቫዮሊኖቹ በግራ፣ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ባለ አውታሮች በቀኝ፣ ነፋሾቹ መሐል፣ ከበሮዎቹ ከኋላ። ከበላያችን ትልልቅ ክብ ነገሮች እንደተሰቀሉም ነገሯት፤ አዳራሹ እ.ኤ.አ. በ1871 ሲከፈት ድምፁ ወደ ጉልላቱ ወጥቶ እያስተጋባ ያስቸግር ስለነበር፣ እነዚህ በ1969 ተሰቀሉ። እኔ እየተረጎምኩ እናቴ ጣቷን በመዳፏ ላይ እያስኬደች ትደግመው ነበር። ከዕረፍቱ በኋላ የሙዚቃ ደራሲው የድቮርዣክ 9ኛ ሲምፎኒ ተጫወተ። በዝግታ በሚሄደው ክፍል አንድ መሣሪያ ብቻውን ሲያዜም እናቴ መዳፏን ነክታ «ይኼ ከመሐል ነው» አለችኝ። ሲያልቅ ጠየቅናቸው፤ ልክ ነበረች። ስለ መሣሪያው ብዙ አስረዱን፣ እኔ የያዝኩት ግን ከእንጨት የተሠራ ነፋሽ መሆኑን ብቻ ነው። እናቴም ሁለት እጃቸውን ይዛ፣ «ዕድሜና ጤና ይስጥዎ ወንድሜ፣ ዓይን ሆኑልኝ» አለቻቸው፤ ስተረጉምላቸው የእርሳቸውም ዓይን እንባ አቀረረ።

በኋላ ስለ ፕሮምስ ሳነብ ይህ መስተንግዶ ከየት እንደ መጣ የገባኝ መሰለኝ። እ.ኤ.አ. በ1895 ሮበርት ኒውማን ከኦርኬስትራ መሪው ከሄንሪ ውድ ጋር ኮንሰርቶቹን በኩዊንስ ሆል ሲጀምር፣ ዓላማው ለዚህ ሙዚቃ እንግዳ የሆነውን ሕዝብ ማስገባት ነበር፤ ቆሞ የሚሰማ ሰው የሚከፍለው አንድ ሺሊንግ ነበር። ያ አዳራሽ በ1941 በቦምብ ሲቃጠል ኮንሰርቶቹ ወደ አልበርት ሆል ተዛወሩ። ዛሬም ከመድረኩ ፊት ለፊት ባለው ሜዳና ከላይ ባለው ሰገነት ቆሞ መስማት ይቻላል፤ በ2025 ዋጋው 8 ፓውንድ ነበር። ጉልበት ያላችሁ ወጣቶች እንዲህ ቆማችሁ በርካሽ ዋጋ የዓለምን ታላላቅ ኦርኬስትራዎች መስማት ትችላላችሁ።

እኔና እናቴ ከዚያ ምሽት በኋላም ተመላልሰናል። ሌሎቹም አስተናባሪዎች አላሳፈሩንም፤ እንዲያውም አንዲት ወጣት ዝናብ ሲይዘን ታክሲ እስኪመጣ ድረስ ጥላ ይዛልን ቆማለች። እናቴ ስለ ሸክም ዳግመኛ አልተናገረችም። አሁን የምታወራኝ ስለ መሪው ፍጥነትና ከበሮው ስለ ዘገየበት ቦታ ነው።

ወገኖቼ ሆይ፣ እባካችሁ ወላጆቻችሁን ውሰዱ። «ይህ ሙዚቃ የእኛ አይደለም፣ አይገባቸውም» አትበሉ፤ ቅዳሴና ማኅሌት ሲሰማ የኖረ ጆሮ ረጅም ዜማ ለመከተል አስተማሪ አያስፈልገውም። መርሐ ግብሩ ብዙውን ጊዜ በሚያዝያ ይወጣል፣ ትኬት በግንቦት ይሸጣል፤ ኮንሰርቶቹ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ እንቁጣጣሽ አካባቢ ለስምንት ሳምንታት ይቀጥላሉ። ትኬት ከማታውቁት ሻጭ በእጥፍ አትግዙ፣ በቀጥታ ከአዳራሹ ግዙ። ከመግዛታችሁም በፊት ደውሉና የወላጆቻችሁን ሁኔታ ሳትሳቀቁ ንገሯቸው፤ በዕለቱ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፣ በሩ ላይ ላገኛችሁት አስተናባሪም እርዳታ እንደምትፈልጉ ንገሩ። የቀረውን እነርሱ ያውቁበታል።