ማንሆል ውስጥ የሚያድረው ምስክራችን፦ አውቶማቲክ ናሙና መውሰጃ ከሦስት ዓመት በኋላ

የፍሳሽ ተቆጣጣሪ ነኝ። ፋብሪካና ወርክሾፕ ወደ ከተማው የፍሳሽ መስመር የሚለቀው ነገር ፈቃዱ ላይ ከተጻፈው ገደብ እንዳያልፍ እከታተላለሁ። ይህ ጽሑፍ ሦስት ዓመት ስለተጠቀምኩበት ተንቀሳቃሽ አውቶማቲክ ናሙና መውሰጃ ነው። ትንሽ በርሜል ይመስላል። በባትሪ ይሠራል፣ 24 ጠርሙስ ይይዛል፣ ማንሆል ውስጥ ተንጠልጥሎ ያድራል።

ጥቅሙን በአንድ ጉዳይ ላሳያችሁ። ኒኬል የሚለብጥ አንድ ወርክሾፕ ነበር። ቀን ስንሄድ ፍሳሹ ምንም አይወጣለትም። ማጣሪያ ጣቢያው ግን በየጊዜው ይታወካል። እዚያ ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ከባድ ብረት ሲበዛባቸው ይዳከማሉ፣ አሞኒያው ሳይጣራ ያልፋል። ስለዚህ አንዱን መሣሪያ ከወርክሾፑ በላይ ባለው ማንሆል፣ ሌላውን ከበታቹ ባለው ሰቀልን። በየሰዓቱ አንድ ጠርሙስ።

በማግስቱ የላይኛው መሣሪያ ጠርሙሶች በሙሉ ግራጫ ነበሩ። ከታችኛው ግን የሌሊቱ 8 ሰዓት ጠርሙስ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። የኒኬል ጨው ቀለም ነው። ስንት ወር ስንፈልገው የነበረው ነገር እጄ ላይ ነበር።

ክሱን ግን ተረታን። ላብራቶሪው ያን ቀን ሊቀበለን ስላልቻለ ጠርሙሶቹን ቢሮ ፍሪጅ ውስጥ አሳደርናቸው፤ የርክክብ ቅጹ ላይ ግን አልጻፍንም። ጠበቃው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ «ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ይህ ጠርሙስ በማን እጅ ነበር?» መልስ አልነበረንም። መሣሪያው እያንዳንዱን ናሙና የቀዳበትን ሰዓት መዝግቧል፤ እሱን ማንም አልተከራከረም። የጎደለው የኛ ፊርማ ነው።

ይህን መሣሪያ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ሁሉ እዚህ ላይ እንዲጠነቀቅ እለምናለሁ። መሣሪያው ውስጥ የሚደረገው በረዶ ናሙናውን ከ6 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መያዝ አለበት። ለብረት ምርመራ በናይትሪክ አሲድ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ2 በታች ይወርዳል። ማኅተሙ ክዳኑን አልፎ ጠርሙሱ ላይ ይለጠፋል፣ ይፈረምበታል። ጠርሙሱ እጅ በቀየረ ቁጥር ሰዓትና ስም ይጻፋል፣ ፍሪጅ ቢገባም እንኳ።

መሣሪያው የማይችለውም አለ። ዘይትና ግሪስ ቱቦው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ቤንዚንና አሟሚ ፈሳሽ ጠርሙሱ ውስጥ ሆኖ ይተናል። ፒኤችም ሲቆይ ይለወጣል። እነዚህ በእጅ ተቀድተው በልዩ አያያዝ መሄድ አለባቸው። ቤንዚን ደግሞ ቀልድ አይደለም። በሜክሲኮዋ ጓዳላሃራ በሚያዝያ 1992 እ.ኤ.አ. ወደ ፍሳሽ መስመር የገባ ቤንዚን ፈንድቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ለዚህ ዓይነቱ የጋዝ መለኪያ እንጂ ይህ መሣሪያ አያድንም።

ሌላው ችግር ጥልቀት ነው። ፓምፑ ወደ ላይ ስቦ የሚያወጣው እስከ 8 ሜትር ገደማ ነው። የመምጠጫው ወንፊትም በዋይፕስ ይደፈናል፤ ሁለት ሌሊት ባዶ ጠርሙስ ይዘን ተመልሰናል። በጎ ጎኑ ግን ማንም ጉድጓድ ሳይገባ ከላይ በመንጠቆ መሰቀሉ ነው። ከፍሳሽ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ ሲበዛ አፍንጫን አደንዝዞ እንደሚገድል ለምናውቅ ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከአምስት ኮከብ አራቱን እሰጠዋለሁ።

ያንን ወርክሾፕ ከሰባት ሳምንት በኋላ እንደገና ያዝነው። ጠርሙሱ ያው አረንጓዴ፣ ቅጹ ግን በዚህ ጊዜ ሙሉ። ተቀጣ፣ ማጣሪያ እንዲሠራም ታዘዘ። አሁን ፍሳሹን አልካሊ ጨምሮ ኒኬሉን ጋኑ ውስጥ ያዘቅጠዋል። ባለፈው ሳምንት እዚያው ማንሆል ሰቀልነው። የ8 ሰዓቱ ጠርሙስ ከሌሎቹ አይለይም፤ ግራጫ ነው።