ቸርኬው ይቃና ወይስ ይቀየር? ከተቀየረስ የትኛው ይሻላል?

የብስክሌት ቸርኬ ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ቀጥሎ ቀለም። አሮጌው በምን ምክንያት እንደተበላሸ የሚጠይቅ ብዙም አይገኝም። ለእኔ ግን ምርጫው የሚጀምረው ከዚያ ነው። የሽቦ ቀዳዳው እየተሰነጠቀ ላስቸገረው ሰው የሚሆነው ቸርኬ አንድ ነው፤ ጎኑን ፍሬን በልቶ ለጨረሰበት ሰው የሚሆነው ሌላ። ጉድጓድ እየመታ ለሚያጎብጠው ደግሞ ሌላ። አሮጌውን ሳይመረምር የገዛ ሰው ያንኑ ችግር በአዲስ ዕቃ ያመጣዋል።

ጥፋቱ በእርግጥ የቸርኬው ነው?

ብስክሌቱን ገልብጡት። እርሳስ ፎርኬታው (ጎማውን ግራና ቀኝ የሚይዘው ሹካ) ላይ አስደግፋችሁ ጫፉን ወደ ቸርኬው አስጠጉና ጎማውን በቀስታ አሽከርክሩት። ቸርኬው ወደ ጎን ሄዶ እርሳሱን ከነካ ተወላግዷል። ወደ ላይና ወደ ታች ከዘለለ ክብነቱ ተበላሽቷል። ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው።

ግን ቸርኬ የሚያሳማ ሌላ ጉድም አለ። ቸርኬውን በእጃችሁ ይዛችሁ ግራና ቀኝ ነቅንቁት። ቋ ቋ ካለ ወይም ክፍተት ከተሰማችሁ ችግሩ መሃል ላይ ያለው፣ ሽቦዎቹ የሚነሱበት ሞዞ ወይም ኩሽኔታው ነው። ጎማውም ይሸውዳል። የጎማው ጠርዝ አጠገብ ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን መስመር አለ። ይህ መስመር አንድ ቦታ ላይ ወደ ቸርኬው ውስጥ ከሰመጠ ጎማው በደንብ አልተቀመጠም ማለት ነው። ሲነዳ ልክ ክብነቱ እንደተበላሸ ቸርኬ ያዘልላል። ንፋሱን አስተንፍሳችሁ፣ ጠርዙን በሳሙና ውኃ ቀብታችሁ እንደገና ንፉት። በነፃ ተገላገላችሁ።

ከዚህ በኋላ ወደ ሽቦዎቹ። አንድ በአንድ በጣት ምቷቸው፤ እንደ ክራር አውታር ድምፅ ይሰጣሉ። በአንድ ጎን ያሉት ተቀራራቢ ድምፅ ሊኖራቸው ይገባል። የኋላውን ጎማ የቀኝ ሽቦ ከግራው ጋር ግን አታወዳድሩ። በቀኝ በኩል የሰንሰለት ጥርሶቹ ቦታ ስለሚይዙ የዚያ ጎን ሽቦዎች ይበልጥ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ቸርኬውን መሃል ላይ ለመያዝም የበለጠ መወጠር አለባቸው። የግራው ወፈር ያለ ድምፅ ቢያወጣ ጤነኛ ነው።

አሁን የዓይንና የጆሮን ማስረጃ አንድ ላይ አድርጉ። ቸርኬው ወደ ቀኝ ሄዷል፣ እዚያው ቦታ ላይ አንድ የግራ ሽቦ ላልቷል እንበል። ሽቦው ሲጠብቅ ቸርኬው ከተመለሰ ምንም መግዛት አያስፈልጋችሁም። ሌላው ሁኔታ ግን ተንኮለኛ ነው። ቸርኬው ቀጥ ብሎ ይዞራል፣ አንድ ቦታ ላይ ግን አንዱ ሽቦ ቀጭን ድምፅ ይጮኻል፣ ጎረቤቱ ደግሞ ምንም አይልም። ይህ ቸርኬ ታጥፏል። ቀጥ ያለ የሚመስለው ሽቦ በግድ ስለያዘው ነው። ያገለገለ ብስክሌት የምትገዙ ሰዎች ይህቺን ምርመራ ሳታደርጉ ገንዘብ አታውጡ። ሻጩ ጎማውን እያሽከረከረ «አየህ፣ ንቅንቅ አይልም» ሲል ዓይናችሁን ብቻ ነው የሚያሳምነው።

የሚድንና የማይድን

ክብነቱ የተበላሸ ቸርኬ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው። ጉድጓድ ወይም ድንጋይ የመታ ቸርኬ አንድ ቦታ ላይ ወደ ውስጥ ይገባል። እዚያ ያሉት ሽቦዎችም ይላላሉ። የላላ ሽቦ ያየ ሰው እጁ ቶሎ ወደ መፍቻው ይሄዳል። እዚህ ጋ ግን ማጥበቅ ቸርኬውን ወደ መሃል የባሰ ይስበዋል። ጉዳቱ ትንሽ ከሆነ ብልህ ጠጋኝ በዙሪያው ያሉትን ሽቦዎች አመጣጥኖ ሊያስታርቀው ይችላል። ብረቱ ራሱ ከተረገጠ ግን ሽቦ ወደ ውስጥ መሳብ እንጂ ወደ ውጭ መግፋት አይችልም።

ጎማውን የሚይዘው ጠርዝ ብቻ ጎበጥ ካለ፣ ፍሬኑም ዲስክ ከሆነ፣ አሉሚኒየሙን በጥንቃቄ መልሶ ማቃናት ያስኬዳል። ከመነዳሪ በሌለው ጎማ ላይ ግን እዚያች ቦታ ንፋስ ሊያመልጥ ይችላል። ቸርኬውን በሚይዝ ፍሬን ላይ ደግሞ በእያንዳንዱ ዙር ፍሬኑ ይነጥቃችኋል።

ስንጥቅ ካያችሁ ውይይት የለም። ብየዳ የሚያቀርብላችሁ ሰው ካለ አመስግናችሁ እለፉ። ሙቀቱ በዙሪያው ያለውን የአሉሚኒየም ጥንካሬ ይገድለዋል።

አራቱ ቸርኬዎች፣ ከነአሟሟታቸው

ክሮም የተቀባ ብረት፦ ይታጠፋል እንጂ ቶሎ አይሰነጠቅም። በመዶሻም ቢሆን ይመለሳል፤ እዚህ ላይ የሚያህለው የለም። ግን ይዝጋል፣ ይከብዳል። ከሁሉ የሚብሰው ጠባዩ ዝናብ ላይ የሚታየው ነው። እርጥብ ክሮም ላይ የፍሬን ላስቲክ ይንሸራተታል፤ መቆሚያው ርቀት በጣም ይረዝማል። ፍሬኑ በሞዞው ውስጥ ለሆነ የጭነት ብስክሌት ካልሆነ በቀር ዛሬ ብረት ግዙ ብዬ አልመክርም። በዘንግ የሚሠራ ፍሬን ያላቸው የጥንት ትልልቅ ብስክሌቶች ሌላ ጉዳይ ናቸው። የእነሱ ላስቲክ የሚነክሰው የቸርኬውን የውስጥ ፊት ስለሆነ ለዚያ የተሠራ ቅርጽ ያስፈልጋቸዋል፤ ሌላ ቸርኬ አይገጥምም።

ነጠላ ግድግዳ አሉሚኒየም፦ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ፍሬኑም ከክሮም በጣም ይሻላል። ድክመቱ ምት አለመቻሉ ነው። ጉድጓድ እየመታ ያስቸገራችሁ ቸርኬ ይኸኛው የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ድርብ ግድግዳ አሉሚኒየም፦ ውስጡ ባዶ የሆነ ሳጥን አለው። ያ ሳጥን ከላይ ለሚመጣ ምት ከነጠላው የበለጠ ይቋቋማል። ለአብዛኛው ነጂ መልሱ ይህ ነው፤ ብዙም አልከራከርበትም። ሻጭ «ድርብ ነው» ሲል ግን እመኑት አልልም። ከጎማው ሥር ያለውን መሸፈኛ ፕላስቲክ ገለጥ አድርጉ። የሽቦው ዳዶ (ሽቦውን ቸርኬው ላይ የሚያጠብቀው ትንሽ ብሎን) ራስ እዚያው ፊት ለፊት ከታየ ነጠላ ነው። ሰፊ ቀዳዳ ኖሮ ዳዶው ከውስጥ ጠለቅ ብሎ ከታየ ድርብ ነው። በነገራችን ላይ ከመነዳሪያችሁ ሁልጊዜ በሽቦ በኩል ባለው ፊቱ የሚበሳ ከሆነ መቀየር ያለበት ይሄ መሸፈኛ ነው። ቸርኬው ላይ አትፍረዱ።

ካርቦን፦ አይጎብጥም፤ ወይ ደህና ነው ወይ ተሰንጥቋል። ሳንቲም ይዛችሁ ዙሪያውን ኳ ኳ አድርጉት። ጥርት ያለው ድምፅ አንድ ቦታ ላይ የታፈነ ከሆነ ውስጡ ያሉት ንብርብሮች ተላቀው ሊሆን ይችላል። ቸርኬውን የሚይዝ ፍሬን ባለው ካርቦን ላይ ረጅም ቁልቁለት ጠላቱ ነው፤ ሙቀቱ ማጣበቂያውን ያለሰልሰዋል። የፍሬን ላስቲኩም ለካርቦን የተሠራ መሆን አለበት። አዲስ ከሆነና ፍሬኑ ዲስክ ከሆነ ጥሩ ዕቃ ነው። ያገለገለ ካርቦን ግን ታሪኩን ከማላውቀው ሰው አልገዛም። የወደቀበትን ቀን ማንም አይነግራችሁም።

ፍሬን የበላው ወይስ ሽቦ የቀደደው?

ቸርኬውን የሚይዝ ፍሬን ካላችሁ ቸርኬው የፍሬኑ ግማሽ አካል ነው። በየቀኑ ይፋቃል። አዲስ ሲሆን የጎኑ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ወደ 1 ሚሊሜትር ሲጠጋ ዕድሜው አልቋል። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ከሌላችሁ የማስመሪያ ጠርዝ ጎኑ ላይ አስደግፋችሁ በብርሃን እዩት። ማስመሪያው መሃል ላይ ብርሃን ካሳለፈ ጎኑ ሰርጉዷል። ብዙ ቸርኬዎች ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን ቦይ ወይም ትንንሽ ነጥቦች አሏቸው፤ ሲጠፉ ቀይሩኝ ማለታቸው ነው። ይህን ነገር ችላ አትበሉ። ያለቀ ጎን በጎማው ንፋስ ግፊት ወደ ውጭ ተነፍቶ ሊፈነዳ ይችላል፤ የሚፈነዳውም ስትነዱ ነው።

አሮጌያችሁ በዚህ መንገድ ካለቀ አዲሱን ስትመርጡ የጎኑን ውፍረትና የማለቂያ ምልክቱን ተመልከቱ። ላስቲኮቹንም ቀይሩ፣ ወይም ቢያንስ የተሰካባቸውን የአሉሚኒየም ስብርባሪ በመርፌ አውጡ። አለበለዚያ አዲሱን ቸርኬ እንደ ሞረድ ይፍቁታል። ጎኑ ድረስ ቀለም የተቀባ፣ ለዲስክ የተሠራ ቸርኬ ቢያምርም ለእናንተ አይሆንም።

የሽቦ ቀዳዳ ስንጥቅ ሌላ ታሪክ ነው። የኋላውን ጎማ የቀኝ ጎን ቀዳዳዎች በጨርቅ ጠርጉና በባትሪ ብርሃን እዩ። ከቀዳዳው ጫፍ የሚወጣ ፀጉር የመሰለ መስመር ካለ፣ ወይም ዳዶው ዙሪያ ያለው አሉሚኒየም ወደ ውስጥ ተስቦ ካበጠ፣ ቸርኬው ደክሟል። ምክንያቱ ከመጠን ያለፈ ውጥረት፣ ለነጂውና ለጭነቱ የማይመጥን ቀጭን ቸርኬ፣ ወይም ሁለቱም ነው። መፍትሔው ድርብ ግድግዳ፣ ወፈር ያለ ወለል ወይም በቀዳዳው ላይ የብረት ቀለበት ያለው፣ የሽቦ ቁጥሩም ከፍ ያለ ነው። ከባድ ጭነት ለሚጭን ሰው 36 ሽቦ ከ28 ጋር አይወዳደርም። ጥቁር ቀለሙን ግን እንደ ጥንካሬ አትቁጠሩት።

መጋጠሚያው

የአሉሚኒየም ቸርኬ ቀጥ ያለ ዘንግ ተጠቅልሎ የተጋጠመ ነው። መጋጠሚያው ብዙውን ጊዜ ከቫልቭ ቀዳዳው ትይዩ በሌላው ጫፍ ይገኛል። በርካሾቹ ላይ ውስጡ ማያያዣ ፒን ተሰክቶ ይያያዛል፤ በተሻሉት ላይ ተበይዶ ይሞረዳል። በጥፍራችሁ መጋጠሚያውን አቋርጡት። ጥፍር የሚይዝ ደረጃ ካለ ፍሬን ስትይዙ በየዙሩ ጠብ ጠብ ይላል። ዲስክ ፍሬን ላለው ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ ለተበየደው ተጨማሪ አትክፈሉ። ቸርኬውን የሚይዝ ፍሬን ላለው ግን ልዩነቱ ይሰማል። ንጥቂያው የሚመጣው ከመጋጠሚያው ውጭ ከሆነ ጉብጠት ወይም ያበጠ ጎን ፈልጉ።

ሱቅ ውስጥ

ሽቦ ያልገባበትን አዲስ ቸርኬ የመስታወት ጠረጴዛ ላይ አስተኙትና ዙሪያውን በጣት ተጫኑ። ከተወዛወዘ ሌላ ጠይቁ። አንድ ዓይነት ሁለት ቸርኬ ካለ አንዱን በአንዱ ላይ ደርቡ፤ ክብነቱ የተበላሸው ወዲያው ይታያል።

ልኩን በኢንች ስም ብቻ አትግዙ። 26 የሚባለው ስም 559ም 590ም ሊሆን ይችላል፤ የአንዱ ጎማ ለሌላው አይገባም። አሮጌው ጎማ ጎን ላይ እንደ 47-622 ያለ ቁጥር ተጽፏል። ሁለተኛው ቁጥር ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬው ዲያሜትር በሚሊሜትር ነው፤ እሱ መመሳሰል አለበት። የሽቦ ቀዳዳው ቁጥርም ከሞዞው ጋር እኩል ይሁን። ወፍራሙ፣ የመኪና ዓይነቱ ቫልቭ 8.5 ሚሊሜትር ገደማ ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ለቀጭኑ ቫልቭ በተሠራው 6.5 ቀዳዳ አይገባም።

ቸርኬ ብቻ ወይስ ሙሉ ጎማ? ሞዞው ጥሩ ከሆነና ሽቦዎቹ ካልዛጉ ቸርኬ ብቻ ግዙ። የሽቦዎቹ ጫፍ የሚያርፍበት የውስጥ ዲያሜትሩ ከአሮጌው ጋር አንድ ከሆነ፣ አዲሱን ከአሮጌው ጎን በፕላስተር አስሮ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ማሻገር ይቻላል። ሞዞው የሚንኳኳ ከሆነ ግን ለሠራተኛ የምትከፍሉት ገንዘብ ያስቆጫል፤ ሙሉውን ግዙ። በማሽን የተሠራ ርካሽ ሙሉ ጎማ ሽቦው ላላ ብሎ ሊመጣ ስለሚችል፣ ከመግጠማችሁ በፊትና ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላ ጠጋኝ ውጥረቱን ይይላችሁ።