ራምፕ ማሠራት ለምትፈልጉ ሁሉ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው ለአንድ የግንባታ ባለሙያ በአደባባይ ምስጋና ለማቅረብና ራምፕ (ዊልቸር በደረጃ ፋንታ የሚወጣበት ተዳፋት መንገድ) ማሠራት ለሚፈልግ ሁሉ እርሱን ለመጠቆም ነው። ስሙ ባይነሣ ደስ እንደሚለው ስለነገረኝ «ወንድማችን» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ዊልቸር ተጠቃሚ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣልኝ አካል ጉዳተኛ በመሆኔ ምድር ላይ ያለው ቤት ቢሰጠኝም፣ በሕንፃው መግቢያ ላይ ደረጃ ስለነበር ወደ ሥራ ለመውጣት እንኳ የጎረቤት ጉልበት መለመን ነበረብኝ። ከኪሴ አውጥቼ ራምፕ ላሠራ ስነሣ ያየሁት አበሳ ደግሞ የባሰ ነው። አንዱ ቀብድ ተቀብሎ ስልኩን ዘጋ። ሌላው በችኮላ ሠርቶ ያስረከበኝ ራምፕ እንደ ቤት ክዳን ቀጥ ያለ ስለነበር፣ ከኋላ ጎረምሳ ካልገፋኝ የማይወጣ፣ ስወርድበትም ነፍሴን የሚያስጨንቅ ሆነ። ቅሬታዬን ባቀርብለት መልሱን የሰጠው ለእኔ ሳይሆን አጠገቤ ለቆመችው እህቴ ነው፦ «ምን ችግር አለው፣ የሚገፋው ሰው አለ አይደል?» ይህ አነጋገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወንድማችን ሲመጣ ሜትሩን ከማውጣቱ በፊት ዊልቸሬን እንዳውሰው ጠየቀኝ። ተቀምጦበት በገዛ እጁ እየገፋ ያንን ራምፕ ለመውጣት ሞከረ፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ ክንዱ ዝሎ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ላቡን እየጠረገ «ይሄ ለዕቃ ማውረጃ እንጂ ለሰው አልተሠራም» አለ። ያለው ለእኔ ነው፣ ዐይኔን እያየ።

ስለ ዳገቱ ልክ ያስረዳኝ ስሌት ብዙም አልገባኝም። የገባኝ ውጤቱ ነው። አዲሱ ራምፕ በግድግዳው ጥግ ረዘም ብሎ ይታጠፋል፤ በሩ ፊት ለፊትም ወደ ኋላ ሳልንሸራተት ቆሜ ቁልፌን የማወጣበት ሜዳ አለው። ክረምት ላይ ጎማ እንዳያንሸራትት ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ እየሳበ አሰመረው፤ የፊት ጎማዎቼን ይውጥ የነበረውን የፍሳሽ ፍርግርግም ሳልጠይቀው ቀየረው። የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ማግስት ደግሞ ማንም ሳይጠራው መጥቶ፣ ውኃ የሚያቁርበት ቦታ አለመኖሩን አረጋግጦ ሄደ። እግዚአብሔር ይስጠው! ዛሬ በራምፑ የምጠቀመው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶችና የጋዝ ሲሊንደር የሚያመላልሱ ልጆችም ደረጃውን ትተውታል።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ ለዊልቸር ተጠቃሚ የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ በፒያሳና በአራት ኪሎ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቶ ዊልቸር እንደ ልብ ይሄድበታል። ሆኖም ከዚያ ሰፊ መንገድ ወደ መድኃኒት ቤት ወይም ወደ ካፌ ልግባ ስል ብዙ ጊዜ ደረጃ ይጠብቀኛል። ስለዚህ የንግድ ቤት ባለቤቶች፣ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎች፣ የዕድርና የአጥቢያ ሰበካ ጉባኤ አባላት፣ እባካችሁ ይህን ሰው አሠሩት። ዋጋው ከሌሎቹ አይበልጥም፤ እኔ እንደሆንኩ ሁለት ጊዜ ከፍዬ የተማርኩት የችኮላ ሥራ ውድ መሆኑን ነው።

ስልኩን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ እሰጣለሁ። ስትደውሉለት ግን አስቀድማችሁ ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ፦ ራምፑን የሚጠቀምበት ሰው በሌለበት ልኬት አይወስድም።