ጨጓራ የማይልጥ ማስታገሻ የትኛው ነው?

ደሴም ይሁን ወልድያ፣ ወይም ሰኞ ለገበያ ባቲ የወረደ ሰው፣ መድኃኒት ቤት ገብቶ «ለጉልበት የሚሆን» ሲል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ዲክሎፌናክ ነው። ርካሽ ነው፣ ቶሎም ያሽላል። ለሁሉም ጨጓራ ግን አይስማማም። ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ነገር ይለዩ፦ የሚያምዎት ቦታ አብጦ ይሞቃል ወይስ እንዲሁ ይጠዘጥዛል? ጨጓራዎስ ከዚህ ቀደም ቆስሎ ወይም ደምቶ ያውቃል?

ጨጓራ ከራሱ አሲድ የሚጠበቀው ፕሮስታግላንዲን በሚባል ንጥረ ነገር ነው። ግድግዳውን የሚሸፍነው ዝልግልግ ፈሳሽ እንዲመነጭና ደም በደንብ እንዲዘዋወር ያደርጋል። ያበጠ ጉልበት እንዲያም የሚያደርገውም ይኸው ቤተሰብ ነው። አስፕሪንና መሰሎቹ (ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ያሉበት ቡድን) የዚህን ንጥረ ነገር መመረት እንደሚያግዱ እንግሊዛዊው የመድኃኒት ተመራማሪ ጆን ቬን በ1971 እ.ኤ.አ. አሳይቷል፤ ሕመሙን ሲያስታግሱ የጨጓራውንም መከላከያ አብረው ይገፉታል። ስለዚህ «ጨጓራዬን እንዳይነካኝ በመርፌ ስጡኝ» ማለት አያድንም፤ መድኃኒቱ በደም ዞሮ እዚያው ይደርሳል። አንጀት ላይ እንዲሟሟ የተሸፈነው ክኒንም ማቃጠሉን ይቀንስ እንጂ ቁስለትን አይከለክልም።

እብጠት ለሌለው ሕመም በፓራሲታሞል ይጀምሩ። ለአዋቂ 500 ሚ.ግ. ክኒን 1 ወይም 2፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ8 ክኒን ሳያልፍ። ጨጓራን አያቆስልም፤ ሲበዛ የሚጎዳው ጉበትን ነው። ለጉንፋን የሚሸጡ ድብልቅ መድኃኒቶችም ውስጡ ፓራሲታሞል ስላላቸው አብረው ይቁጠሩት። ድክመቱ ያበጠ መገጣጠሚያ ላይ እምብዛም አለመሥራቱ ነው።

እብጠት ካለና ጨጓራዎ ጤነኛ ከሆነ ኢቡፕሮፌን ከዲክሎፌናክ ይመረጣል። 400 ሚ.ግ. በቀን እስከ 3 ጊዜ፣ ከምግብ ጋር፣ ለጥቂት ቀናት። በዚህ መጠን ከቡድኑ ለጨጓራ ቀለል ያለው እሱ ነው፤ መጠኑ ሲጨምር ግን ብልጫው ይጠፋል። ዲክሎፌናክ (50 ሚ.ግ. በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ) የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ላለበት ሰው አይሆንም። ኢንዶሜታሲንና ፓይሮክሲካም ለጨጓራ ከከፉት ናቸው፤ ፓይሮክሲካም ከሰውነት ግማሹ ለመውጣት 2 ቀን ያህል ስለሚፈጅበት ጉዳቱም ይቆያል። ለዕድሜ ለገፋ ሰው አይግዙት።

ሴሌኮክሲብ ዋጋው ወደድ ይላል፤ ጨጓራን የሚጠብቀውን ኢንዛይም ብዙም ሳይነካ እብጠቱን ያግዳል። 100 ወይም 200 ሚ.ግ. በቀን 1 ወይም 2 ጊዜ ይወሰዳል። ለልብ ተብሎ ትንሿን አስፕሪን የሚወስድ ሰው ግን ከዚህ ጥቅም አብዛኛውን ያጣል፤ የልብ ሕመምተኛና ሰልፋ ለሚባሉት መድኃኒቶች አለርጂ ያለበት ሰውም አይወስደውም። የሚያምዎት ጉልበት ብቻ ከሆነ የዲክሎፌናክ ጄል ይሞክሩ፤ ወደ ደም የሚገባው በጣም ትንሽ ነው። ለአሮጊት እናት ክኒን ከመግዛት ይህን መግዛት ይሻላል።

አሁን መከላከያው። ዕድሜያቸው ከ65 ያለፈ፣ ከዚህ ቀደም ቁስለት የነበረባቸው፣ ፕሬድኒሶሎን (ስቴሮይድ)፣ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) ወይም አስፕሪን የሚወስዱ ሰዎች ማስታገሻውን ብቻውን አይግዙት። አንታሲድ (ያለውን አሲድ የሚያረክስ መድኃኒት) ቃጠሎን ለአንድና ሁለት ሰዓት ያበርዳል እንጂ ቁስለትን አይከላከልም፤ ከዶክሲሳይክሊን ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲን ጋር አብሮ ከተዋጠም አንቲባዮቲኩን ያከሽፈዋል። አሲድ የሚቀንሰው ሲሜቲዲን በተለመደው መጠን የትንሹን አንጀት መግቢያ ይጠብቅ ይሆናል፤ ጨጓራውን ግን በበቂ አይጠብቅም፤ የዋርፋሪንንና የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነውን የፌኒቶይንን ኃይልም ከፍ ያደርጋል። ሚሶፕሮስቶል ይሠራል፤ ሆኖም ያስቀምጣል፣ ነፍሰ ጡርንም ያስወርዳል። የሚመረጠው አሲድ እንዳይመነጭ የሚያግደው ኦሜፕራዞል 20 ሚ.ግ. ነው፣ በቀን 1 ጊዜ፣ ማስታገሻው እስኪያልቅ ድረስ። ቀድሞ ደምቶ ለሚያውቅ ሰው ማስታገሻ ግድ ከሆነ፣ ሐኪም የሚያዝለት ሴሌኮክሲብና ኦሜፕራዞል አንድ ላይ ነው።

ብዙ ሰው ኦሜፕራዞልን ሲያምመው ብቻ፣ ያውም ከበላ በኋላ ይውጠዋል። የሚሠራው ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ሲወሰድ ነው፤ ካፕሱሉ ተከፍቶ ፍሬው ከታኘከም አሲዱ ያበላሸዋል። በረመዳን፣ በቴምርና በውሃ አፍጥረው ካፕሱሉን ይዋጡ፣ መግሪብ ሰግደው ይመገቡ። በዓቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚጾምም በውሃና በካፕሱሉ ይፍታና ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ማስታገሻው ከምግቡ በኋላ ይሁን። በከሚሴና በባቲ ሙቀት ውሃ ሳይጠጡ ውለው ኢቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ መውሰድ ኩላሊትን ይጎዳል፤ በጾም ሰሞን በፓራሲታሞል ማለፍ ከተቻለ እሱ ይሻላል።

ሁለት የዚህ ቡድን ማስታገሻ አብሮ መውሰድ፣ ለምሳሌ ጠዋት የዲክሎፌናክ መርፌ ተወግቶ ማታ ኢቡፕሮፌን መዋጥ፣ ሕመሙን ብዙም ሳይቀንስ የመድማት አደጋውን ከፍ ያደርገዋል። ስም ባልተጻፈበት ወረቀት የተጠቀለለ ክኒን አይቀበሉ፤ ቤት ካለው ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን ማወቅ አይቻልምና። ለወራት ማስታገሻ የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው የጨጓራ ቁስለት የሚያመጣውን የኤች ፓይሎሪ ባክቴሪያን የሰገራ ምርመራ ያድርጉ፤ ለዚያ ኦሜፕራዞሉን 2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክን 4 ሳምንት ቀድሞ ማቆም ያስፈልጋል፣ አለዚያ ውጤቱ በሐሰት «የለም» ሊል ይችላል።

ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረና ከተጣበቀ፣ የቡና አተላ የመሰለ ትውከት ከመጣ፣ ወይም ሲነሡ ዓይን ከጨለመ፣ ማስታገሻውን ያቁሙና በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። የአይረን ክኒንም ሰገራ ያጠቁራል፤ የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩት። ቁስለት ሳያም ሊደማ ስለሚችል ሕመም እስኪሰማዎት አይጠብቁ።