በጅማ የተሰጠን የሥራ መዛል መለኪያ አገልግሎት

ጅማ በሚገኝ አንድ የግል ጤና ተቋም በሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል እሠራለሁ። በተለምዶ በርንአውት የሚባለውን የሥራ መዛል በነርሶቻችንና በአዋላጆቻችን ላይ እንዲለካልን አንድ አማካሪ ቡድን ቀጥረን ነበር፤ ይህንኑ አገልግሎት ለመግዛት ለሚያስቡ መሥሪያ ቤቶች ይጠቅማል ብዬ ያየሁትን እጽፋለሁ።

የመጠይቁን ምርጫ አደንቃለሁ። በዘርፉ ይበልጥ የሚታወቀው ክሪስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ያቀረቡት ባለ22 ጥያቄ መለኪያ ቢሆንም፣ የባለቤትነት መብት ስላለው ለአጠቃቀሙ ይከፈላል። ቡድኑ የመረጠው እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመውንና በነጻ የሚገኘውን የኮፐንሃገን መጠይቅ ነው። 19ኙ ጥያቄዎች በጠቅላላው የሚሰማን ድካም፣ ከሥራው የሚመጣውንና ከታካሚ ጋር ከመዋል የሚመጣውን ለየብቻ ስለሚለኩ፣ ሠራተኛውን ያዛለው ምን እንደሆነ ለመለየት ይረዳሉ። እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጠዋል። ከሥራ ውጭ ለቤተሰብና ለወዳጅ የሚሆን ጉልበት ይኖር እንደሆነ የሚጠይቀው ጥያቄ ግን ነጥቡ ተገልብጦ መቆጠር አለበት፤ ይህ ከተዘነጋ ብርቱው ሠራተኛ የዛለ ሆኖ ይመዘገባል። ቡድኑን ስለዚህ ጠይቄ በትክክል መሥራቱን አረጋግጫለሁ።

ቅር ያሰኘኝ መጠይቁ በአማርኛ ብቻ መቅረቡ ነው። አብዛኞቹ ባልደረቦቻችን አፋቸውን የፈቱት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ሰው ስለ ድካሙ ሲጠየቅ ደግሞ ስሜቱን አጥርቶ የሚገልጸው በለመደው ቋንቋ ስለሆነ፣ ጅማ ላይ ይህን መዝለል የመለኪያውን ታማኝነት ይጎዳል። ከዚህም የሚብሰው፣ ቅጹ ስም ባይጠይቅም ዕድሜን፣ ጾታን፣ የሥራ ክፍልንና የአገልግሎት ዘመንን አንድ ላይ መጠየቁ ነው። ጥቂት ሰዎች ብቻ ባሉበት የማዋለጃ ክፍል እነዚህ አራቱ ሲደመሩ መላሿን ያለ ስም ያሳውቃሉ፤ መልሷ አለቃዋ ዘንድ ይደርሳል ብላ የሰጋች አዋላጅም ብትዝልም ደህና ነኝ ብላ ልትሞላ ትችላለች።

ሪፖርቱ ግልጽ ነበር። በሌሊት ተረኞች ዘንድ ከሥራው የሚመጣው ድካም ከታካሚ ከሚመጣው በልጦ ተገኝቷል። ቡድኑ ግን ከዚህ ተነሥቶ ለሠራተኞቹ የጭንቀት መቋቋሚያ ሥልጠና እንዲሰጥ መከረን፤ በዚህ አልተስማማሁም። የዓለም ጤና ድርጅት በ11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ የሥራ መዛልን በሽታ ሳይሆን በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ጫና የሚመጣ ክስተት አድርጎ አስቀምጦታል። ስለዚህ ውጤቱ አስቀድሞ እንድናርም የሚጠይቀን የተረኝነት ድልድላችንን እንጂ ነርሷን አይደለም።

አገልግሎቱን ደግመን ለመግዛት ሐሳብ አለን። በአዲሱ ውል ላይ ግን መጠይቁ በሁለቱም ቋንቋዎች እንዲዘጋጅ፣ ዕድሜና የአገልግሎት ዘመን በሰፊ እርከን ብቻ እንዲጠየቁ፣ የትናንሽ ክፍሎች ውጤትም ከሌሎች ጋር ተጣምሮ እንዲቀርብ የሚያስገድዱ አንቀጾች እንዲገቡ ጠይቄአለሁ።